የቤቱን ባትሪ ለማስፈተሽ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ

ከባለቤቴ ከግርማ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የሞተርሆሙን መስኮቶች ማጠብ ነው። እሱ የውሃውን ጎማ ያዘ፣ እኔ በጨርቅ ወለወልኩ። ስንጨርስ ቴስተሩን አምጥቶ የቤቱን ባትሪ ለካና «ዛሬም አልሞላም» ብሎ ገባ። በሳምንቱ ሐሙስ ዐረፈ።

ሞተርሆም መኪናም ቤትም ስለሆነ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሌላው ከኋላ ላለው ቤት መብራትና ሶኬት ነው። ግርማ ሲተኛ አየር የሚሰጠው ማሽን ነበረው። የቤቱ ባትሪ ካልሞላ ውጭ ማደር አይችልም። ሁለት ጊዜ ባትሪ ለወጠ፣ ቻርጀሩንም ለወጠ። በሦስት ዓመት አንድም ሌሊት ውጭ አላደርንም። ባሕሩን አይተን፣ ምሳ በልተን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን።

ግርማ ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ልሸጠው ተነሣሁ። ገዢዎቹ ሳን ሆዜ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። «ባትሪው በደንብ ቻርጅ ማድረጉን አስፈትሺልን» ስላሉኝ እዚያው ካሉት ኤሌክትሪሺያን፣ ከግርማ ወዳጅ ከአቶ ለማ ቀጠሮ ያዝኩ።

ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት

ከመነሣቴ በፊት እንደ ልማዴ ውስጡን ዞርኩ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናችንን አቃጥሎብናል። ከዚያ ወዲህ ሶኬት ሳልነቅል፣ ማብሪያ ሳላጠፋ ከየትም ወጥቼ አላውቅም። በሩ አጠገብ ያለችውን ማብሪያም አጥፍቼ መሪውን ያዝኩ።

በስምንት ሰማንያ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድኩ። የጭነት መኪና ባለፈኝ ቁጥር ቤቱ ይወዛወዛል፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰሃኖቹ ይንኳኳሉ። ሄይዋርድ ላይ ቤንዚን ቀዳሁ፤ ጋሎኑ ከአምስት ዶላር በላይ ነው። የያዝኩትን ዳቦ በእንቁላል እዚያው ቆሜ በላሁ። ፍሪሞንት ስደርስ ትራፊኩ ቆመ። በግራ ያሉት ኮረብቶች ሣራቸው ደርቋል። ግርማ እዚህ ሲደርስ «በዝናቡ ጊዜ መጥተን አረንጓዴውን እናያለን» ይል ነበር። አልመጣንም።

ሳን ሆዜ፣ አራት ሰዓት

አቶ ለማ ከአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ ስቆም ሣቁ።

«እኔ ወንበር አውጥቼልዎት ነበር፤ እርስዎ ሳሎኑን ይዘው መጡ።»

ሞተሩን ሳላጠፋ ባትሪው ያለበትን ከፍተው ለኩ።

«አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ቮልት። ሞተር እየሠራ ከአሥራ ሦስት በላይ መሆን ነበረበት። እውነትም አይሞላም። ቆይ፣ ውስጡንም ቼክ ላድርግ።»

ገቡና በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ይሄን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ። የመብራት አይደል?»

«የባትሪው ዋና ማጥፊያ ነው። ይሄ ከጠፋ ቻርጁ ባትሪው ጋ አይደርስም። እስቲ ያብሩት።»

አበራሁት። እሳቸው ወርደው እንደገና ለኩ፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት።

«ባትሪውም ደኅና፣ ቻርጁም ደኅና። ሁልጊዜ ያጠፉት ነበር እንዴ?»

ሁልጊዜ። ማታ ግርማ ለቻርጅ ሰክቶት ሲገባ በመጨረሻ የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ስንቅ ልደረድር ቀድሜ የምገባውም እኔ። ማታ አጠፋለሁ፣ ጠዋት አበራለሁ። እሱ ሲመጣ ማብሪያው በርቶ፣ ባትሪው ሳይሞላ ያገኘዋል። መንገድ ስንጀምርም አጠፋው ነበር።

«ለግርማ አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ? መብራት አጠፋሁ ብዬ?»

አቶ ለማ ቴስተሩን ጠቀለሉ። «አምና ደውሎልኝ ነበር» አሉ። «‹ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩ ሰው አንድ ባትሪ አቃተኝ። እጄ ሳይከዳኝ አልቀረም› አለኝ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሞተሩን ላጥፋው?» አልኳቸው።

«ይተዉት፣ ይሙላ። አይቸኩሉ።»

መልስ

ኦክላንድ እስክደርስ ሬዲዮ አልከፈትኩም። ባትሪ ሲለውጥ አጠገቡ ቆሜ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆኖ ነው?» ብዬው ቢሆን፣ ምን ምን እንደምነካ ይጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን «ተወው በቃ፣ አትድከም» ብዬው እገባ ነበር። ያዘንኩለት መስሎኝ ነው። እሱ ግን እጁን እንደተጠራጠረ ሞተ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህንን ነው።

ቤት ገብቼ ለገዢዎቹ ደወልኩ።

«ባትሪው ደኅና ነው። አልሸጠውም ግን።»

«ምነው እትዬ፣ ተነጋግረን?» አለች ሚስትየዋ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳት።

አሁን በወር አንድ ጊዜ ወደ ባሕሩ እነዳለሁ፤ አንድ ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ።