በኦቦ ፈይሳ መስክ ላይ የቀየስኳት የኤልፎች ከተማ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የዋልኩት እርሳስ ስቀርጽ ነው። መንገድና ድልድይ እነድፋለሁ ብዬ፣ በተተኮሰ ሸሚዝ አምሬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቴክኒክ ክፍል ገባሁ። ኃላፊው አቶ መርዕድ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አንድ እሽግ እርሳስና አንድ ምላጭ አቀበሉኝ። «ጫፉ እንደ መርፌ ይሁን» አሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ግማሹን ሰበርኩት። «ጀማሪ ነዳፊ ጌታሁን፣ በዚህ አያያዝህ ከተማውን ያለ እርሳስ ታስቀረዋለህ» አሉኝና ሌላ እሽግ አወጡ።

አባቴ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ። እኔ እዚሁ ተወለድኩ፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከአጥር ውጭ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ከጀማሪ ነዳፊነት ተነስቼ ዋና ቀያሽ እስክሆን ያልሠራሁበት የወለጋ ከተማ ጥቂት ነው። መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ኪራሙ ድረስ ሜትር ጎትቻለሁ። ቀያሽ መስክ ወጥቶ ይለካል፤ ነዳፊ ተቀምጦ ልኩን መስመር ያደርገዋል። ሰው ግን ሁለቱንም «ኢንጂነር» ይላል። አይደለሁም ብዬ ብዬ ደከመኝና ተውኩት።

ያኔ የምንነድፈው ብርሃን በሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም ነበር። ስትሳሳት ቀለሙን በምላጭ ትፍቃለህ። አንድ ጊዜ ከፋቅኸው ወረቀቱ ይሳሳል፤ ሁለተኛ ከፋቅኸው ይበሳል፤ የሳምንት ሥራህ አፈር በላ ማለት ነው። ስለዚህ ከማስመርህ በፊት ታስባለህ። እናንተ በኮምፒውተር የምትሠሩት አንድ ቁልፍ ነክታችሁ ታጠፉታላችሁ። አልቀናባችሁም። እሺ፣ ትንሽ እቀናለሁ።

አንድ ጥፋት አለብኝ፤ እሱን ዘልዬ የቀረውን ባወራ ቀጣፊ ነኝ። ደረጃዬ «ነዳፊ ሁለት» ሳለ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ አዲስ መንገድ እንድነድፍ ታዘዝኩ። ክረምት ነበር፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ቦታው ድረስ ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። አሮጌውን ካርታ ዘረጋሁ፤ ባዶ በሚታየው ቦታ ላይ ቲ-ስኩዌር ማስመሪያዬን አስደግፌ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩ። ለካ ባዶ አልነበረም። ካርታው ከተሠራ በኋላ የተሠራ አዴ ሻሺቱ የሚባሉ እናት ቤት ነበረበት፤ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ ከጀርባው ማንጎ። ይህን ያወቅሁት ግሬደሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ እሳቸው አቤት ሊሉ ቢሯችን ሲመጡ ነው። መስመሩን አምስት ሜትር ወደ ግራ ባደርገው ኖሮ ቤቱም መንገዱም ይኖሩ ነበር።

አዴ ሻሺቱ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው፤ ልባቸው ግን አልወደደውም። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ነቀምቴ፣ ወንድማቸው ዘንድ መጡ፤ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ዳር ላይ እንደገና ከዜሮ ቤት ሠሩ። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እግሬ ያልረገጠውን መሬት እጄ አይነድፍም ብዬ ማልኩ። መሐላዬን ጠበቅሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም፤ ወኔው አልነበረኝም። ጡረታ ወጥቼ ነቀምቴ ስገባ ገበያ ላይ እንተላለፍ ጀመር። «አካም ቡልታን፣ አዴ?» እላለሁ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጎመኑ ያዞራሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኒያ ሴትዮ ሰላም ሳይሉኝ መሞትን እፈራ ነበር።

አንድ ቀን ሌሊሴ የምትባል የጨለለቂ ሰፈር አስተማሪ ወፍራም ደብተር ታቅፋ ቤቴ መጣች። አባቷን ኦቦ ፈይሳን አውቃቸዋለሁ፤ ላም አርቢ ናቸው።

«ጋሼ፣ የአንድ ከተማ ካርታ ይነድፉልኛል?» አለችኝ።

«የየት ከተማ?»

«የሌለ ከተማ።»

«ልጄ፣ እኔ ከሠራሁባቸውም ስንቶቹ ወረቀት ላይ ብቻ ቀርተዋል። ንገሪኝ እስቲ።»

ለተማሪዎቿ የተረት መጽሐፍ እየጻፈች ኖሯል። በተረቱ ውስጥ ኤልፎች የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ጆሯቸው ሾጣጣ ነው፤ ዛፍ ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው አንድ ሺህ ዓመት ይደርሳል። ሌላ አገር የፈለቀ ወሬ ነው አለችኝ፤ እሷ ግን በዋንዛና በዝግባ ላይ አስፍራቸዋለች። ከተማቸውን በኦሮምኛ ሙካ ኢፋ ብላታለች፤ የብርሃን ዛፍ ማለት ነው። ልጆቹ ግን ባነበበችላቸው ቁጥር «ቲቸር፣ ገበያው በየት በኩል ነው? ንግሥቲቱስ?» እያሉ አላስቀምጥ ብለዋታል።

ደብተሩን ሁለት ቀን አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ከተማው ግን አይሠራም። የዝናቡ ውሃ በየት ይወርዳል? በዛፎቹ መካከል ያለው ድልድይ ሁለት ኤልፎችን ከነሸክማቸው ያሳልፋል?

«ጋሼ፣ አስማት አላቸው እኮ» አለች እየሳቀች።

«ይኑራቸው። ቦይ የሌለው ከተማ ግን በስሜ አይወጣም። ደግሞ ያልረገጥኩትን አልነድፍም።»

«ወይ ጉድ! የሌለ ከተማ እንዴት ይረገጣል?»

«ይቀየሳላ!» አልኳት።

ኦቦ ፈይሳ በከኒሳ ቀሴ ዳር የግጦሽ መስክ አላቸው። ስናስፈቅዳቸው «ላሞቼን ካልቀየሳችሁብኝ ግድ የለም» አሉ። የእኛ አንድ ሜትር ለኤልፎቹ አሥር ሜትር እንዲሆን ተስማማን። ባህር ዛፍ ቆርጬ ችካል ጠረብኩ። እጅ የለመደውን አይተውም፤ የችካሎቹን ራስ ሁሉ እንደ መንገድ ሥራ ችካል ቀይ ቀለም ቀባሁ። ባለ ሃምሳ ሜትሩን ጥቅል ሜትር እኔ እዘረጋለሁ፣ ሌሊሴ ጫፉን ትይዛለች። የንግሥቲቱን ዛፍ፣ ገበያውን፣ ድልድዮቹን ተከልናቸው። ከንግሥቲቱ ዛፍ እስከ ምሥራቁ በር ደግሞ ዋናውን መንገድ ቀጥ አድርገን አወጣን። ደስታዬን አልደብቅም፤ ጉልበቴን እንኳ ረስቼው ነበር።

የመንገዱ መጨረሻ አንድ አጥር ጋ ደረሰ። ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮ ቤት አለ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። የሌለ ከተማ ማንን ይነካል? እንዲህ ብዬ ሜትሬን ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሌሊሴ ጋር ስንመለስ የቆርቆሮ ጩኸት ሰማን። ሁለት ጎልማሶች ከዚያ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው ምስማር ይነቅላሉ። ግማሹ ጣሪያ ተነስቷል። አልጋው፣ ሳጥኑ፣ የእህል ጆንያው ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቁሯል። በሩ ላይ አንዲት ሴት የእኔን ቀይ ራስ ችካል በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አዴ ሻሺቱ ናቸው። በዚያ ሰፈር መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ቤታቸው የቱ እንደሆነ ግን አፍሬ አጣርቼ አላውቅም ነበር።

«መጣህ?» አሉኝ። «ያኔ ሳትመጣ አፈረስክ። ዛሬ ቆመህ ልታይ ነው?»

«አዴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ልጆቹን ያስወርዷቸው። የማንም ቤት አይፈርስም።»

«ይኸ ታዲያ ምንድን ነው? ቀይ ቀለም አይደለም? ቆርቆሮዬን ግሬደር ሁለተኛ አያኝከውም። እኔው ራሴ አነሳዋለሁ!»

«የኤልፎች ከተማ ነው» አልኩ።

«የማን?»

ሌሊሴ ቀልጠፍ ብላ በኦሮምኛ ታስረዳቸው ጀመር፤ ጆሯቸውን፣ ዛፋቸውን፣ ሺህ ዓመታቸውን። አዴ ሻሺቱ እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ሶባ!» አሉ። ውሸት ማለታቸው ነው። ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ ቀጠሉ፤ «ያኔ ልማት ነው ብላችሁ መጣችሁ። የያኔው ውሸት ይሻል ነበር።»

ጩኸቱን ሰምቶ የተሰበሰበው ጎረቤት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እባቡ እኔ ነኝ፤ ምን ያስቀኛል?

የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ኦቦ ቶለራ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩንና የእኔን ንድፍ ተቀበሉ። ሁሉም እየሰማ ጥቂት ገጽ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ሺህ ዓመት? እንደ ማቱሳላ በሉኛ!» አሉ። «እድር አላቸው?»

«የላቸውም» አለች ሌሊሴ።

«ሺህ ዓመት ሙሉ ያለ እድር? ሲሞቱ ማን ያነሳቸዋል? መቃብራቸውስ የታለ?»

ሌሊሴ እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈች። አንዲት ጎረቤት ወፍጮ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀች። ሌላው ንግሥቲቱን ከገበያው እንድናርቃት መከረ፤ ጫጫታው አያስተኛትም አለ። ኦቦ ቶለራ ንድፉን አገላብጠው አዩና ወደ ሰዉ ዞሩ። «መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ለሌለ ሕዝብ ይህን ሁሉ ቦይ አይስልም። እኔ አምኛለሁ» አሉ።

«አንተ እመን» አሉ አዴ ሻሺቱ። «ይኸ ሰውዬ ግን አንድ ጊዜ ቤት አሳጥቶኛል።» ወደ ጣሪያው ቀና ብለው «ቀጥሉ!» ብለው ልጆቹን አዘዙ። አንድ ቆርቆሮ እየተንኳኳ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ስለ ኤልፎች አላወራሁም። «አዴ፣ ያንን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ክረምት ነበር። ጭቃውን ፈርቼ ቀረሁ፤ ሳላይ አሰመርኩ። አምስት ሜትር ፈቀቅ ባደርገው ይተርፍ ነበር። ይኸው ይቅርታ ሳልጠይቅዎ አረጀሁ።»

አዴ ሻሺቱ ወደ እኔ ዞሩ። ልጆቻቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አምስት ሜትር ስንት ነው?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«አሳየኝ።»

የሜትሩን ጫፍ በእጃቸው አስያዝኳቸው። ወደ ኋላ እየተራመድኩ ዘረጋሁ፤ አምስት ላይ ስደርስ ቆምኩ። በመካከላችን ሳርና አንድ የታሰረ ጥጃ ብቻ ነበር።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው፣ አዴ።»

ሜትሩን አጥብቀው እንደያዙ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በእድሩ ሁሉ ፊት።

ነጠላቸውን አንስተው ፊታቸውን ጠረጉና «በል እንግዲህ» አሉ፤ «የጆሯሞችህን መንገድ ከአጥሬ ላይ አንሳልኝ።»

«እርስዎ ይምሩኝ» አልኩ።

የሜትሩን ጫፍ እንደያዙ ፊት ፊት ሄዱ። አጥሩ ሳይደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ፤ የኦቦ ቶለራን የንብ ቀፎ በሩቁ አለፉ፤ ከመስኩ ዳር ጋ ቆመው «እዚህ ጋ ይውጡ» አሉ። እኔ ከኋላ ከኋላ ችካል እየተከልኩ ተከተልኳቸው። ጎብጦ የወጣ መንገድ ነው። ውሃ አይቋጥርም፣ የሰው ደጅም አይነካም። በቅየሳ ሕግም ቢሆን እንከን አላገኘሁለትም።

የመጨረሻውን ችካል ስመታ ነጎድጓዱ አጉረመረመ። አዴ ሻሺቱ የተገለጠውን ጣሪያቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «መዶሻ ይዘህ ታውቃለህ ወይስ እርሳስ ብቻ ነው?» አሉኝ።

ያን ቀን የበከኒሳ ቀሴ ሰው ለአንድ ጣሪያ ተረባረበ። ወጣቶቹ ላይ ወጡ፣ ሴቶቹ እህሉን አስገቡ፣ ሌሊሴ ቆርቆሮ አቀበለች። እኔን መሰላል ላይ አላስወጣ አሉኝ። የተነቀለ ምስማር ጠማማ ነው፤ እንዲያው ቢመቱት ይታጠፋል። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ እያቃናሁ አቀበልኩ። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ መታሁት። ዝናቡ ሲጀምር ያልተመታ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ካፊያ እየመታቸው ጨረሱት።

ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሮጥ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ልሂድ ልቆይ አላውቅም። አዴ ሻሺቱ ከውስጥ «ሴኒ!» አሉኝ። ግባ ማለት ነው። ገባሁ። በቅል እርጎ ሰጡኝ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ አንድም ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባም። «ጠጣ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?» አሉኝ፤ ጠጣሁ።

የሙካ ኢፋን ካርታ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ነደፍኩት። የእድር ቤት አለው፣ መቃብር አለው፣ ወፍጮም አለው። ዋናው መንገድ ምሥራቁ በር አጠገብ ወደ ግራ ይታጠፋል። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ አንድ ለአዴ ሻሺቱ ወሰድኩላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ መታጠፊያዋን ግን ሳልጠቁማቸው በጣታቸው አገኟት። አሁን ገበያ ላይ ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ቀያሽና ነዳፊ ለሆናችሁ፣ ለምትሆኑም የምለው አንድ ነገር ነው። ችካል ከመትከላችሁ በፊት የቅርቡን በር አንኳኩ። ስማችሁን ተናገሩ፤ የምትለኩትን ተናገሩ። የምትቀይሱት ከተማ ባይኖር እንኳ ጎረቤቱ አለ።