የተሰነጠቀው ቀለሃ እና የፒያሳው ባለሙያ

ሐሙስ፣ ከአሰላ ፒያሳ

ከአሰላ የተነሳሁት ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ከቀበሌ የተጻፈልኝ ደብዳቤ እና በመሐረብ የተጠቀለሉ ሁለት ባዶ የጥይት ቀለሃዎች ነበሩ። አንዱ ደህና ነው። ሌላው በቁመቱ ተሰንጥቋል። ወደ ፒያሳ የምሄደውም ለምን እንደተሰነጠቀና ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ነው።

አባቴ አቶ ተሰማ በአርሲ ተራሮች ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች እየመራ ያረጀ ሰው ነው። በስሙ የተመዘገበ አሮጌ ጠመንጃ አለው። ለዚህ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ግን የትም ገበያ አይገኝም። አባዬ ጎልማሳ ሳለ ሀብቴ የሚባል፣ ብረት በቶርኖ መቅረጫ የሚሠራ የፒያሳ ባለሙያ ጥይቱ የሚተኛበትን ክፍል አሰፋለት፤ ከዚያ በኋላ ለእሱ ብቻ የሚሆን ጥይት ቀለሃውን በልክ እያበጀ፣ ባሩዱን እየመዘነ፣ አንድ በአንድ በእጁ ይሠራለት ነበር። አባዬ ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለእኛ ለልጆቹ ነግሮን አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከርከሮ የድንች ማሳችንን አረሰው። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ቀበሌውን አስፈቅዶ የአባዬን ጠመንጃ አወጣ፤ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ የዚያኑ ቁጥር ጥይት ከጎረቤት አመጣና ተኮሰ። ቀለሃው ተቀደደ፤ የጋለው ጭስ ወደ ኋላ ወጥቶ ቀኝ ጉንጩን አቃጠለው። ዓይኑ ለጥቂት ተረፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይነጋገሩም። ግርማ “የአባዬን ዕቃ አበላሸሁ” ብሎ አንገቱን ደፋ። አባዬ ደግሞ “ልጄን ላሳውረው ነበር” እያለ እህል አልወርድ አለው። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ስለ ግፊት ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ ለሁለቱ የምነግራቸው ግን አጣሁ።

መንገዱ ጥሩ ነበር። ከኢተያ እስከ ዴራ ግራና ቀኙ ለአጨዳ የደረሰ ስንዴ ነው። አዳማ መግቢያ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ መሐረቤን ፈትቶ ቀለሃዎቹን በመዳፉ ያዘ።

“እህት፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው።

“ወንድምሽ ዓይኑ ተረፈ?”

“ተረፈ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። በይ ግቢ።”

ቃሊቲ ወርጄ በሁለት ታክሲ ፒያሳ ስደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። አባዬ የሰጠኝ አድራሻ አጭር ነው፤ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ዶሮ ማነቂያ መግቢያ፣ ሰማያዊ በር። እኔ ያገኘሁት ሰፊ መንገድ፣ አዲስ የተተከለ አበባና ረድፍ የመብራት ምሰሶ ነው። አንድ ቡና ቤት ገብቼ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ሰባ ብር። ቀጂውን ጠየቅኩት።

“ሰማያዊ በር?” ሳቀ። “እናቴ፣ እዚህ በሩ ብቻ መሰለሽ የሄደው? ሰፈሩ ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል።”

ፊቴ መጥቆሩን አይቶ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የምትፈልጊው የድሮ ሰው፣ ሼባ ከሆነ ወርቅ ቤቶቹን ጠይቂ። እነሱ ግራም ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው፣ ሰውም አይጠፋባቸውም።”

ሁለት ወርቅ ቤት ገብቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ወይዘሮ ዘይነባን አገኘኋቸው። ሻሽ ያሰሩ፣ ስልሳ የተጠጉ፣ ሱቁን ከአባታቸው የወረሱ ሴት ናቸው። የሀብቴን ስም ስጠራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

“ሀብቴ ቶርኖ! የአባቴን ሚዛን እኮ እየተዋሰ ነበር የሚሠራው። ሰው ወርቅ ያስመዝናል፣ እሱ ባሩድ! አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ‘ሲጋራ የያዘ እንዳይገባ!’ እያለ ይጮህ ነበር።”

“በሕይወት አሉ?”

“እንዴታ! ቤቱ ሲነሳ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ግን ዓርብ ዓርብ ጊዮርጊስን ተሳልሞ እኔ ዘንድ ሳይቀመጥ አይመለስም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ።”

በዚያው አቅራቢያ አልጋ ያዝኩ። መኝታው ጠባብ ነበር፤ ቢሆንም ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ወርቅ ቤቱ

ጋሽ ሀብቴ ቀጭን፣ ካፖርት የለበሱ፣ ከዘራቸውን ከመደገፍ ይልቅ ብብታቸው ሥር የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ጾም ስለሆነ ጥቁር ሻይ መጣላቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ብድግ ብለው ሳሙኝ። ለምን እንደመጣሁም ነገርኳቸው። ቀለሃዎቹን ተቀብለው በወይዘሮ ዘይነባ አጉሊ መነጽር እያገላበጡ አዩአቸው።

“ይሄ የእጄ ሥራ ነው” አሉ ደህናውን እየነኩ። “ትከሻውን አየሽው? ሰፊ ነው፣ ወደ ላይም ወጣ ብሏል። የተሰነጠቀው ጠባብና አጭር ነው። ጠባቡን በሰፊ ቤት አስተኝተሽ ስትተኩሺው ነሐሱ የሚደገፍበት የለውም። ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ይለጠጣል። ይሄ ሳይደርስ ተቀደደ።”

በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩት ነገር ነው፤ በጣቶቻቸው መሐል ግን አዲስ ሆነብኝ።

“ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?” አልኳቸው። የመጣሁበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

“የእኔ ነዋ” አሉ ሳያመነቱ። “ክፍሉን ሳሰፋው አሮጌውን ቁጥር ከአፈሙዙ ላይ መፋቅ ነበረብኝ። አዲሱ ጥይት ደግሞ እኔና አባትሽ የፈጠርነው ስለሆነ ስም የለውም። ምን ብዬ ልቅረጽበት? ነገ ስም አወጣለታለሁ እያልኩ ቀረ። ወንድምሽ የተጻፈውን ነው ያነበበው።”

ሻያቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። “አባትሽ ለምን እንዳሠራው ነግሮሻል?”

አልነገረኝም። የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ እንግዳ አዳኝ የደጋ አጋዘን አቁስሎ ይተወዋል። አባዬ ደሙን እየተከተለ ሁለት ቀን ተጓዘ፤ ሲደርስበት አጋዘኑ በገደል ማዶ ሆኖ የአባዬ ጥይት አልደርስ አለው፤ እንስሳው ሲሰቃይ እያየ ዋለ። በሳምንቱ ፒያሳ መጣና “በአንዴ የሚያሳርፍ ጥይት ሥራልኝ” አላቸው። እኔ አባዬን የማውቀው ስለ አደን ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይር ሰው ሆኖ ነው።

“አሁንስ ይሠሩልናል?” አልኩ።

ጋሽ ሀብቴ የወርቅ ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ከስኳር ዕቃው ትንሽ በማንኪያ ቆንጥረው ሳህኑ ላይ ሊያፈሱ ሞከሩ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ስኳሩ ባንኮኒው ላይ ተበተነ።

“አየሽ? ባሩድ በዚህ እጅ አይመዘንም። ፈቃዱም የለኝም። አባትሽ ጋ የቀሩ ካሉም አርጅተዋልና እንዳትተኩሷቸው፣ ለፖሊስ አስረክቡ። ጠመንጃውንም ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይነካው። ይልቅ ስልክ ደውዪልኝ።”

ደወልኩ። አባዬ አነሳና “ደረስሽ?” አለ በደከመ ድምፅ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ለጋሽ ሀብቴ ሰጠሁ።

“ተሰማ!”

ከወዲያ የአባዬ ድምፅ መጣ፤ “ሀብቴ? አለህ እንዴ?”

“አለሁ! አንተስ መች ሞትክ? ልጅህን ግርማን ጥራልኝ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ስሙኝ።”

የበር ድምፅ ሰማሁ፤ የግርማን “አቤት” ሰማሁ። ጋሽ ሀብቴ ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ደገሙላቸው። “ቁጥሩን ያላረምኩት እኔ ነኝ፤ ሁለታችሁም ይቅር በሉኝ” አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከአሰላ በኩል አንድ ሰው ሲያለቅስ ይሰማል፤ አባዬ ይሁን ግርማ አልለየሁም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሀብቴ ወረቀት አስመጡና በጠመንጃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከጥይቱ ጋር እንደማይገናኝ በገዛ እጃቸው ጻፉ። አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ልጻፍልዎት ብላቸው እንቢ አሉ።

ቅዳሜ እና ሰኞ

ቅዳሜ ከሰዓት አሰላ ገባሁ። አባዬ ምሳ በልቶ ነበር። ግርማ ከአጠገቡ ተቀምጦ የከርከሮ መከላከያ አጥር የት የት ቢታጠር እንደሚሻል ይከራከራሉ፤ እንደ ድሮው እየተጯጯሁ። ደጁ ላይ ቆሜ ትንሽ አዳመጥኳቸው።

ሰኞ ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ጠመንጃው ለምርመራ ተቀመጠ፤ የቀሩትም ጥይቶች ተመዘገቡ። አባዬ ሲያስረክብ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ለመዝጋቢው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከለት፣ አጋዘኑን ሳይቀር።

ስሄድ ጥፋተኛ ለማግኘት ነበር፤ ጥፋተኛው ከተገኘ ሁለቱ ይገላገላሉ ብዬ። ያሳረፋቸው ግን የጥፋተኛው መታወቅ አይመስለኝም። ማንም ሳያስገድዳቸው “የእኔ ነው” ያሉ ሰው መኖራቸው ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በምን ቀመር እንደማስረዳው አላውቅም።

ከጣቢያው ስንወጣ አባዬ ደረጃው ላይ ቆመ።

“ሀብቴ ዓርብ ዓርብ ነው የሚመጣው አልሽኝ?”

“አዎ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።”

አፌን ከፍቼ እኔ እወስድሃለሁ ልለው ስል ግርማ ክንዱን ያዘው።

“ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ እናድራለን” አለው። “ለመንገዱ ጫማህን አሁን እናስጠግነው።”