ጉማሬውን የሚገፋልኝ አጣሁ

ስለ መጽሐፌ አስተያየት የሰጡኝ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ያነበቡት ቁጭ ብለው ነው። እግር አነባብረው፣ መነጽር አድርገው፣ ሻይ ይዘው። አንዳቸውም ጉማሬውን አልገፉትም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ከገጹ ያነሡና «ጥሩ ነው፣ ግን…» ይሉኛል። ይቺን «ግን» በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሐይቅ ዳር ከተማችን መሃል ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት በራሴ ነው፣ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ጋዜጣ ጨምሮ። ወሬ ማውራትና ተረት መፍጠር ግን ማንም አላስተማረኝም። አፌ ሥራ ሲፈታ እጄም ይፈታል።

መስከረም ሲቃረብ እናቶች ትንንሾቹን ለልክ ያመጡልኛል። ኬጂ የሚገባ ልጅ ደግሞ ለልክ አይቆምም። እጅህን እጅጌው ውስጥ አስገባ ሲሉት ክንዱን እንደ እንጨት ያደርቀዋል። አንድ ቀን አንዷን እምቢተኛ እንዲህ አልኳት፦ «ይሄ ክንድሽ ጉማሬ ነው። እጅጌው ባጃጅ ነው። ጉማሬው ፀጉሩን ሊቆረጥ ከተማ መሄድ ፈልጓል፣ ግን ወፍሮ ባጃጁ ውስጥ አልገባ አለ። እስቲ ግፊው!»

ገፋችው። ጣቶቿ በእጅጌው ጫፍ ብቅ ሲሉ እንዴት እንደሳቀች! ሁለተኛውን እጅጌ ራሷ «አምጪው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉማሬው ከሱቄ አልወጣም። ቤታቸው ሲዳምኛ ብቻ የሚነገር፣ አማርኛ ገና በአፋቸው ያልገባ ልጆች እንኳ ሲገፉና ሲስቁ አስተርጓሚ አልጠየቁኝም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛዬ ሥዕሉን ሣለልኝ፣ መጽሐፍ ሆነ። ጉማሬው ከሐይቁ ይወጣና ባጃጅ ያስቆማል። ጭንቅላቱ ይገባል፣ ሆዱ ይገባል፣ መቀመጫው ውጭ ይቀራል። «ግፉት!» ይላል ገጹ። ልጆቹ መጽሐፉን በመዳፋቸው ይገፋሉ። ገጹ ሲገለጥ ጉማሬው ገብቷል፣ የባጃጁ የፊት ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ይሞቀዋል፤ «እፍ በሉለት!» ከዚያ «ሆዱን ኮርኩሩት!» ሲስቅ ባጃጁ ይናወጣል። በመጨረሻ ፀጉር ቤት ይደርሳል፣ ወንበሩ ላይ ይሰየማል፣ ፀጉር ቆራጩ ዞሮ ዞሮ ያየውና «ጌታዬ፣ ምኑን ልቁረጠው?» ይላል። አለቀ።

ማተሚያ ቤቱ ለሙከራ ጥቂት ቅጂ አወጣልኝና በደንብ የሚያትመው ብዙ የሚያዝዝ ሰው ካገኘሁ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ የማውቀው ብዙ የሚያዝዝ ሰው አንድ ነው፤ ዩኒፎርም የምሰፋለት የኬጂው ትምህርት ቤት። ዳይሬክተሯ ደግ ሴት ናቸው። መጽሐፉን አገላብጠው አዩና «ወላጆችም መምህራንም ከወደዱት ለልጆቹ ሁሉ እናዝዛለን። እስቲ አስተያየት ሰብስቢ» አሉኝ። የመጽሐፌ ዕድል በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። እኔም አስተያየት ልሰበስብ ወጣሁ። ምን አለ ባልወጣሁ!

መጀመሪያ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። ቢሮ የሚሠራ፣ ዲግሪ ያለው ነው።

«አለቀ?» አለኝ ወዲያው።

«አለቀ።»

«መልእክቱ ምንድነው?»

«የምን መልእክት?»

«የሚያስተላልፈው ቁም ነገር ነዋ፣ እህትዓለም። ልጆቹ ምን ይማራሉ?»

«ገፋኸው?»

«ማንን?»

«ጉማሬውን!»

«እኔ?» አለኝ። ቢሮው ውስጥ ተነሥተህ ጨፍር ያልኩት ነው የመሰለው።

የጎረቤቴ አስተያየት ደግሞ በፍቅር የተሞላ ነበር፤ እሱ ነው የባሰብኝ። መጽሐፉን በሰጠኋት በሳምንቱ ቤቷ ስገባ በወፍራም ላስቲክ ሸፍና ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቿ አጠገብ አቁማዋለች።

«እንዴት እንደሚያምር!» አለችኝ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር የጎረቤቴ ሥራ ነው እላለሁ።»

«ልጅሽስ? ወደደው?»

«ኧረ እሱማ ይቀደዋል! ሲያድግ ያየዋል።»

ለአራት ዓመት ልጅ የተሠራ መጽሐፍ ነው እኮ። ሲያድግ ጉማሬ ሊገፋ ነው? ሳቅኩ፣ ሻይዋን ጠጣሁ፣ ቤቴ ገብቼ ትራሱን በቡጢ መታሁት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእኔ ጋር ልጆችን የምታገለግል እህት «መጨረሻው ላይ አንድ ጥቅስ ቢገባበት ይባረክ ነበር» አለችኝ። የትኛው ጥቅስ ስላት ለጉማሬ የሚሆን እሷም አጣች። አንድ ዓሣ አስጋሪ ደንበኛዬ ግን ልጁን ሊያስለካ መጥቶ አየውና ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ ጉማሬ ሰው ይገድላል እኮ። የሐይቅ ዳር ልጅ ይሄን አይቶ ልግፋው ብሎ ቢጠጋስ?» አለኝ። ከሁሉም አስተያየት ልቤን የነካው እሱ ነው። ሠዓሊውን ጠርቼ በቀሩት ቅጂዎች ሁሉ ላይ ጉማሬውን ሱሪና ከረባት አስለበስኩት። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? የሐይቁ ጉማሬ ከረባት እንደማያደርግ ልጅ ሁሉ ያውቃል ብዬ ተጽናናሁ።

በመጨረሻ ዳይሬክተሯ ጠሩኝ። «መምህሯ ክፍል ውስጥ ልታነብላቸው ነው፣ መጥተሽ እይ» አሉኝ። ደስታዬ! እነዚህ ትልልቆች ቢያስቸግሩኝም ልጆቹ ያድኑኛል አልኩ። ከመቀመጫችን በሚያንሱ ወንበሮች ላይ እኔና ዳይሬክተሯ ከኋላ ተቀመጥን።

መምህሯ ወጣት ናት፣ ድምጿ በልጆች ብዛት የሻከረ። መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ያዘችና ጎላ ባለ ድምፅ «ግፉት!» ብላ አነበበች።

ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳጣመሩ በአንድ ድምፅ መለሱ፦ «ግፉት!»

ገጹን ገለጠች። «እፍ በሉለት!»

«እፍ በሉለት!» አለ ክፍሉ በሙሉ። እፍ ያለ የለም።

«ሆዱን ኮርኩሩት!»

«ሆዱን ኮርኩሩት!»

እኔ ኋላ ቁጭ ብዬ ልፈነዳ ደረስኩ። መምህር ያለውን መድገም ነዋ የለመዱት። «ሀ» ሲባል «ሀ»፣ «አንድ» ሲባል «አንድ»። ጉማሬዬንም እንደ ፊደል ቆጠሩት። ፀጉር ቆራጩ ጋ ሲደርሱ «ምኑን ልቁረጠው!» ብለው ጮኹ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ለመድገም ተዘጋጅተው ዝም አሉ።

ዳይሬክተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እንዴት እንደሚከተሉ አየሽ? ጎበዞች ናቸው። ግን ያስቃል ብለሽኝ አልነበር? አንድም አልሳቀም እኮ።»

«እኔ ላንብብላቸው?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ መምህሯ ዞራ አየችኝ።

«እስከ ረፍት» አሉ ዳይሬክተሯ።

ልጆቹ ፊት ቆምኩና «ተነሡ!» አልኳቸው።

«ተነሡ!» አሉኝ ቁጭ እንዳሉ።

በዚህ አይሆንም አልኩ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ በሁለት እጄ ያዝኩት። አንድም ቃል ሳልናገር ትከሻዬን ጉማሬው መቀመጫ ላይ ደገፍኩና መግፋት ጀመርኩ። አቃሰትኩ። ላቤን ጠረግኩ። እግሬ አንሸራተተኝ። ልጆቹ የሚደገም ቃል ቢጠብቁ የለም። ከፊት ያለች አንዷ ልጅ ሳይቻላት ቀርቶ ተነሣች።

«ብቻሽን አትችይውም» አለችኝ በንቀት፤ መጥታም ከጎኔ መዳፏን ለጠፈች።

ከዚያማ አትጠይቁኝ። ክፍሉ ሁሉ ተነሣ። ጠረጴዛው ከነመጽሐፉ ወደ ግድግዳው ሄደ። ገጹን ስገልጥ ጉማሬው ገብቶ ሲያዩት ጣሪያው እስኪርገበገብ ጮኹ። እፍ በሉለት ስል ገጹን በምራቅ አራሱት። ሊኮረኩሩት ሲሻሙ የአንዱ ዩኒፎርም ብብቱ ላይ ተተረተረ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ግን ለዚህ ዓይነት ግፊያ ብዬ አልነበረም የሰፋሁት። አንዱ ግንባሩን ከጓደኛው አጋጭቶ አለቀሰና እንባውን ሳይጠርግ ተመልሶ ገባ። ፀጉር ቆራጩ «ምኑን ልቁረጠው?» ሲል «ጆሮውን!» አለ አንዱ፣ «ከረባቱን!» አለች ሌላዋ። «ድገሚው! ድገሚው!» እያሉ ቀሚሴን ሲጎትቱ የጎን ክፍል ልጆች መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ያኔ ነው የዳይሬክተሯ ጭብጨባ የተሰማው። «እጅ ወደ ላይ! እጅ ወደ ታች! እጅ በደረት!» ክፍሉ ውኃ እንደፈሰሰበት እሳት ጭጭ አለ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ ሳላጣምር አልቀረሁም።

ቢሯቸው ገብተን እያላበኝ «አዩ? እዩልኝ፣ እንዴት እንደሳቁ!» አልኳቸው።

«አየሁ። እሱ እኮ ነው ችግሩ።»

«ሳቁ?»

«እህቴ፣ ልጁ ቤቱ ሲገባ እናቱ ዛሬ ምን ተማርክ ትለዋለች። ምን ይበላት? ጉማሬ ገፋን ይበላት?»

«አዎ!»

«ለዚህ ነው ወይ የምከፍለው ብላ በነጋታው እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የምትቀመጠው አንቺ ጋ አይደለም፣ እኔ ጋ ነው።»

በር ላይ የቆመችው መምህርም አንገቷን ደፍታ ጨመረችልኝ። «እትዬ፣ እርስዎ አንብበው ይሄዳሉ። እኔ እስከ ማታ ብቻዬን ነኝ። ዛሬ ከዚህ በኋላ ማን ፊደል ያነብልኛል?»

እውነቷን ነው። የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ተጣልቼ በወጣልኝ።

ዳይሬክተሯ መፍትሔም አላጡልኝም። ግፉት፣ ኮርኩሩት የሚለው ይውጣ፤ «ሰዎች ጉማሬውን ገፉት» ተብሎ በታሪክ መልክ ይጻፍ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ትምህርት ይግባበት። «እንደዚያ ካደረግሽው ዛሬውኑ አዝዛለሁ» አሉኝ። እንደሚያዝዙም አውቃለሁ፤ ቃላቸውን አይበሉም።

በነጋታው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩት። መጽሐፌን በእያንዳንዱ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ማየት እንዴት እንደምመኝ የማውቀው እኔ ነኝ። «ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ባጃጅ ከልክ በላይ መጫን እንደሌለበት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከረባት ያሰርኩለት ጉማሬዬ ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ ቁጭ አለብኝ። ሰረዝኩት። «መተባበር ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ልጆቹ እኮ አልተባበሩም፣ ተሻሙ እንጂ። እሱንም ሰረዝኩት። ልክ ልታስለካ የመጣች እናት «እትዬ፣ ከማን ጋ ነው የምትጣዪው?» እስክትለኝ ድረስ ብቻዬን ሳጉረመርም ነበር።

ለዳይሬክተሯ ስልክ ደወልኩ። «እንደነበረ ይቅር» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ይባረኩ።»

«ዩኒፎርሙንስ?»

«ዩኒፎርሙን እሰፋለሁ።»

ማተሚያ ቤቱም ቃሉን ጠበቀ፤ ትእዛዝ ከሌለ ማሽን አይነሣም አለ። ወንድሜ «ነግሬሽ ነበር፣ መልእክት ያስፈልገዋል» አለኝ። ለእሱ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

ትምህርት ቤቱ ጋ የቀረችውን ቅጂ ለማስመለስ ሁለቴ ሰው መላክ ነበረብኝ። በመጨረሻ መምህሯ ራሷ ከሥራ ስትወጣ ሱቄ ድረስ ይዛልኝ መጣች፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ስከፍተው ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ «ግፉት» የሚለው ገጽ መሃሉ ላይ፣ ልክ ጉማሬው መቀመጫ ላይ፣ የልጅ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ዳሩ በላብና በቆሻሻ ጠቁሯል። በአንድ ቀን እንደዚያ የሚሆን ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

«ይቅርታ እትዬ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ተቀደደብኝ።»

«ምን አድርገውት ነው?»

«እንዲሁ… ልጆች ናቸው» ብላ ደጅ የሚጠብቃት ባጃጅ በጥሩምባ ሲጠራት ሮጣ ወጣች። ይኸውና ዳይሬክተሯ ያላዘዙት፣ ማተሚያ ቤቱ ያላተመው መጽሐፌ በእጄ ላይ ተቀድዶ ቀረ። ስለ መቀደዱ ይቅርታ ጠየቀችኝ እንጂ፣ እዚያ እስኪደርስ ስንቴ እንዳስገፋቻቸው አንድ ቃል አስተያየት አልሰጠችኝም።