ድንጋይ ተሸክሜ የቆምኩበት በር

ባለፈው እሑድ ልጄ ሜሮን አሜሪካ፣ ፍሪስኮ ባለው ቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍቷን ዘርግታ ለፈተና ስታጠና፣ እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። የሕግ ተማሪ ናት። የዕለቱ ርዕሷ የእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ነበር፤ የዚህ አገር ሕግም ሥሩ ከዚያ ነው ትላለች።

«ሶ፣ አባዬ፣ አንድን ሰው ወንጀለኛ ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልጋል» አለችኝ። «አንዱ ድርጊቱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ማለቴ፣ ሲያደርገው በጭንቅላቱ ያሰበው ነገር። ሁለቱ አብረው ከሌሉ ኬዝ የለም።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ዓይኔን ያቃጠለኝ ሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። ይህን ሁለት መስመር የማይሞላ ነገር በጊዜው የሚነግረኝ አጥቼ ስንት ተንገላትቻለሁ።

ነገሩ የደረሰብኝ ከዓመታት በፊት ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ቪከሪ ሜዶ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ከሰይድ ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ የታክሲ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ታክሲዎች ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ አስፋልት ነበር። የነሐሴ ፀሐይ ሲወርድበት የጫማ ሶል ያለሰልሳል። እዚያ ግማሽ ቀን እንውላለን፤ በፌስታል የመጣ ሳምቡሳ እንካፈላለን፤ በአገር ቤት ፖለቲካ እንጨቃጨቃለን። አንድ ደንብም ነበረን። አንዱ ለሶላት ወይም ለምሳ ሲነሳ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ያለው ሰው መኪናውን ወደፊት ያስጠጋለታል። እኔ የሰይድን፣ ሰይድ የኔን። ይህን ደንብ የማያውቅ የእኛ ሰው አልነበረም፤ የሌላ አገር ሰው ግን ከየት ያውቀዋል?

አንድ ቀን ሰይድ ሊሰግድ ሲሄድ «ጌቾ፣ መኪናዬን ሙቭ አድርግልኝ» አለኝ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሮጬ ገባሁ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ማቀዝቀዣው እንዲሠራ ትቶልኝ ነው ብዬ ነዳሁት። መኪኖቹ ሁሉ የአንድ ኩባንያ፣ አንድ ቀለም ናቸው። ጥጉን ዞሬ የፊተኛው መስመር ላይ ስደርስ፣ ሰይድ መስተዋቱ ላይ የሚሰቅለው መቁጠሪያ የለም። የሌላ ሰው መኪና ነው! ወዲያው አዙሬ ተመለስኩ። ባለመኪናው ሥራ ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው አሜሪካዊ ነበር። ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ መኪናው የለም፤ እዚያው የሚዞረውን ፖሊስ ጠርቶ አብረው ጠበቁኝ።

እኛ ዘንድ በተቆጣ ሰው ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ይባላል። የማን እንደሆነ በኋላ ይታያል፤ መጀመሪያ ሰውየው ይብረድለት ነው ነገሩ። እኔም ወርጄ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይህንኑ ደጋገምኩ። ፖሊሱ «መኪናውን ወስደሃል?» አለኝ። «አዎ፣ ወስጃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ሰይድ ሰግዶ ሲመለስ እኔ በካቴና ታስሬ የፖሊሱ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

በዋስ ከወጣሁ በኋላ ፍርድ ቤቱ ያቆመልኝ ጠበቃ ፊት ቀረብኩ። ችኩል ሴት ናት። «መውሰድህን አንክድም» አለችኝ። «የሰው መሆኑን ግን አላወቅክም፤ ልታስቀረውም አላሰብክም። ያለዚያ ስርቆት የለም። ከእንግዲህ ግን ማንንም ይቅርታ እንዳትጠይቅ።» ከተፈረደብኝ የታክሲ ፈቃዴ ይነጠቃል፤ ከአገር ልባረርም እችላለሁ። ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ሌባ የሚለው ስም ነበር።

ችግሩ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በልቅሶም በሠርግም ቃላቸው የሚሰማ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌያችን።

«የበደልከው ሰው ቤት እንሄዳለን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጠበቃዋ አትሂድ ብላኛለች።»

«እርቅ የሚጠላ ጠበቃ ነው እንዴ ያቆሙልህ?»

ጋሽ ታደሰ የሰውየውን ቤት ከሰልፉ አጠያይቀው አገኙት። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላ ከለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆምኩ። እንደ ወጉ አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። ጋሽ ታደሰ ከአፓርትመንቱ አበባ መሐል አንድ ደህና ድንጋይ መርጠው ትከሻዬ ላይ አስቀመጡ። ሰውየው በሩን ከፈተ፤ ነጭ የለበሱትን ሰዎች አየ፤ ድንጋዩን አየ፤ በሩን ዘግቶ ፖሊስ ጠራ።

«ገና አልበረደለትም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጠበቃዋ በስልክ ጮኸችብኝ። ምስክር ልታስፈራራ ነው የሄድከው? ድንጋዩ ለምን አስፈለገ? ለይቅርታ ነው አልኳት። «ካልሰረቅክ ይቅርታው ለምን?» አለችኝ። እሷም ልክ ናት፣ ጋሽ ታደሰም በወጋቸው ልክ ናቸው፤ መሐል ቤት የተንጨረጨርኩት እኔ ነኝ።

ችሎት የቀረብኩት ክረምቱ ገብቶ መንገዱ በረዶ በጋገረበት ጠዋት ነው። ጋሽ ታደሰ በዚያ ብርድ በባቡር መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ። ዳኛዋ ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ስትለኝ፣ «አጥፍቻለሁ በልና ይማሩህ» በሹክሹክታ ሲሉ ሰማኋቸው። በሽማግሌ ፊት አላጠፋሁም ማለት ለአፌ ድንጋይ ሆነበት። «አይደለሁም» አልኩ። ከኋላዬ በረጅሙ ተነፈሱ። በኋላ ሰይድ መኪናውን አስጠጋልኝ ማለቱን ተናገረ፤ ባለመኪናውም ሲጠየቅ፣ መኪናውን ራሴ መልሼ እንዳመጣሁት አመነ። ክሱ ተዘጋ። ደጅ ላይ ልስማቸው ጠጋ ስል ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን አዞሩ።

«በሰው ፊት ካድክ» አሉኝ።

ሰላምታ የመለሱልኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ሥራ ስለሚውሉ ክሊኒክ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ቶልዌዩ የሚሉት የክፍያ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመን ሳለ፣ «ጌታቸው፣ ያችን የመኪና ነገር ሳልሞት አንዴ እመንልኝ» አሉኝ።

«ታዲያ ምን አልካቸው?» አለች ሜሮን፣ ይህን ስነግራት።

«ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ አልሰረቅክም እኮ።»

አልሰረቅኩም። ፍርድ ቤት ቆሜ ያስጣልኩትን ስም መሪ እንደያዝኩ በገዛ አፌ ተቀበልኩ። ሽማግሌው ግን እጄን ይዘው «ይቅር ብዬሃለሁ፤ እኔም እኮ ይህችን ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አሉኝ፤ ክሊኒኩ እስክንደርስም እጄን አልለቀቁም። ባልሰረቅኩት መኪና ይቅር መባል እስካሁን ያንጨረጭረኛል። የሚገርመው፣ የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የወሰደኝ ወዲያው ነው።