የአልጋነሽን የባትሪ መኪና ከዱርቤቴ ስናመጣ

ከባሕር ዳር የተነሣነው በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሲስተር አልጋነሽ መኪና ልትገዛ፣ እኔ ደግሞ የመኪናዋን የአጠቃቀም መጽሐፍ ላነብላት ነበር የምንሄደው።

አልጋነሽ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ የግቢ ጎረቤቴ ናት፤ አዋላጅ ነርስ። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ሰው በሯን ያንኳኳል፣ እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእግሯ ትወጣለች። መንዳት የተማረችባት የክሊኒኩ መኪና አንድ ቀን ጎማ፣ አንድ ቀን ቤንዚን የላትም። የግል መኪና ያለው ሰው ደግሞ በኩፖን ያገኛትን ቤንዚን ረቡዕ ሳይደርስ ይጨርሳታል። ስለዚህ፣ «ዱርቤቴ ውስጥ ቤንዚን የማትጠጣ፣ በኤሌክትሪክ ተሞልታ በባትሪ የምትሄድ መኪና አለች» የሚል ወሬ ሲመጣ፣ አልጋነሽ እንቅልፍ አጣች። እዚያ ክሊኒክ ስትሠራ የነበረች አንዲት ፈረንጅ አገሯ ስትመለስ ለወጥ ሠሪዋ ትታላት የሄደች መኪና ናት አሉ።

ባለቤቲቱ መጽሐፏን በዘመድ እጅ ላከችልን። እኔ የምሠራው በቤተ መጻሕፍት ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ቀሪውን በማታ ትምህርት ተማርሁ። በልጅነቱ የተማረ ሰው ገጽ ይዘላል፤ እኔ አልዘልም። ሁለት ወር ሙሉ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ ከሽፋኑ እስከ ሽፋኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለስሁት።

አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘን የአልጋነሽ ታላቅ ወንድም ነው። የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት መያዛችንን ካረጋገጠ በኋላ አንድ ፖስታ ሰጣት።

«የውሉን ቃል አርቅቄዋለሁ። በእኔ ስም ይሁን። ሰሌዳ ለማውጣት ይቀላል።»

«እሺ ወንድም ጋሼ» አለች። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእህቱ መንገድ ያሳጠረላት መስሎት ነው። ፖስታውን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከትተው እጇ ዘገየ። 

እስከ ዱርቤቴ

ታሪፉ ለአንድ ሰው ሁለት ብር ከሃምሳ ነበር። መሸንቲን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ግራና ቀኙ ኑግ ነው፤ አበባው ገና አልረገፈም፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ። መራዊ ላይ ሻይ በስሙኒ ጠጣን። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናችን ቅቤ በቅል የያዘች ሴት ተቀምጣ ነበር፤ የት እንደምንሄድ ጠየቀችን። አልጋነሽ ነገረቻት።

«ባልሽ ነው የሚነዳው?»

«ባል የለኝም።»

«እሰይ፣ እንግዲያው ወንበሩ ለቅቤዬ ይበቃል!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማርሽ የሚሉት ነገር ይከብዳል?» ስትል ጠየቀች። መኪናዋ ማርሽ መቀያየር እንደሌለባት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ እንደምታውቅ ነገርኋት። እስክትወርድ ድረስ ስለ ቅቤው አላወራችም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የእማማ የሺ ግቢ

ባለቤቲቱ፣ የፈረንጇ ወጥ ሠሪ የነበሩት የሺእመቤት፣ ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ አገሩ እማማ የሺ ይላቸዋል። መኪናዋን ከጭድ ቤቱ ሥር፣ በአቡጀዲ ሸፍነው አኑረዋታል። ከጋሪ እምብዛም አትበልጥም። ቀለሟ የእንቁላል አስኳል ነበር፣ አሁን ደብዝዟል። ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ጠባብ መቀመጫ አላት፤ ባትሪዎቹ ከእሱ ሥር ተደርድረዋል። መቀመጫው ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

መጽሐፌን ገልጬ መጠየቅ ጀመርሁ። «ሳትሞላ ከወር በላይ ከቆየች ባትሪው ይሞታል ይላል። መቼ መቼ ነው የሚያስሞሏት?»

«በልደታና በኪዳነ ምሕረት ማግስት።»

ቆጠርሁት። ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አምስት ቀን። ፈረንጇ «በየአሥራ አምስት ቀኑ አብያት» ብላቸው ኖሮ፣ እሳቸው በሁለቱ በዓላት ማግስት የጎረቤት ልጃገረዶችን ሰብስበው እያስገፉ ወፍጮ ቤት ይወስዷታል። ወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር አለው። የአንድ ቁና እህል ማስፈጫ ይከፍላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጎደሉም።

«የባትሪው ውኃስ? የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ክልክል ነው ይላል።»

«እሱንም ነግራኛለች። የሰማይ ነው። ሣህን ውጭ አስጥቼ የማጠራቅመው።»

መጽሐፌን ዘጋሁ። ይህን ያህል መጽሐፉን ያከበረ ሰው፣ ማንበብ ከሚችሉትም ውስጥ አላየሁም።

የሚሸጧት ወፍጮው ወደ ሌላ መንደር ሊዛወር ስለሆነ ነው። «ማን ያበላታል? ርቦአት ስትሞት ከማይ ለሰው ልስጣት አልሁ» አሉ።

ሌላም ገዥ ነበር። አቶ ሞላ የሚባል የጠጅ ቤት ባለቤት በሩ ላይ ቆሟል። ባትሪዎቹን አውጥቶ ለመብራትና ለቴፑ ነው የፈለጋቸው፤ ቆርቆሮዋን ለዶሮ ቤት ያስባታል።

«እማማ የሺ፣ እነዚህ ሴቶች መንገድ ላይ ገደል ይከቷታል» አለ።

«አንተ ከገደል በምን ትሻላለህ? እዚሁ ልታርዳት አይደል?» አሉት።

ፊርማ

ውሉ የሚጻፈው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊው በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን አስገብቶ፣ «የገዥ ስም?» ሲል ጠየቀ። አልጋነሽ ፖስታውን አወጣችና የወንድሟን ስም አነበበች።

እማማ የሺ ቀና አሉ። «ይህ ማነው?»

«ታላቅ ወንድሜ ነው።»

«የት አለ?»

«ባሕር ዳር ነው።»

«ሴት ስታምጥ የሚጠሩት እሱን ነው?»

ጸሐፊው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ስሚኝ ልጄ። ፈረንጇ ስትሄድ፣ ያንቺ ናት አለችኝ። አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። አንድ ቀን ሳልነዳት፣ ሁለት ዓመት የኔ ናት እያልሁ አበላኋት። ለማላየው ወንድ ልሸጥ ከሆነ፣ የማየው ሞላ ይሻለኛል። ብሩን ይዞ ቆሟል።»

አልጋነሽ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ ደብሬ፣ ሰሌዳ ቢከለክሉኝስ? ገንዘቤም መኪናዬም ቢቀርስ? እሱ እኮ ቢሮ ያሉትን ሰዎች ያውቃል።»

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን ከመምጣታችን በፊት የሰሌዳውን ደንብ ከቤተ መጻሕፍቱ አውጥቼ አንብቤው ነበር። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ» አልሁ። «ባለቤቱ ወንድ ይሁን የሚል የለበትም። ‹ከልካይ አለ› ከተባለ፣ ገጹን ያሳዩኝ እላለሁ።»

ከበሩ ውጭ አቶ ሞላ ሲያስል ይሰማል። አልጋነሽ የወንድሟን ረቂቅ አራት ጊዜ አጠፈችና ፖስታው ውስጥ መለሰችው። «የኔን ስም ጻፍ» አለችው። ከዚያ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ እየቆጠረች ነገረችው።

ለሻጭ ፊርማ ጸሐፊው የጣት ቀለሙን ሣጥን ገፋ አደረገላቸው። እማማ የሺ ሣጥኑን መልሰው ገፉትና እስክሪብቶውን ተቀበሉ። በመሠረተ ትምህርት የለመዷት ስድስት ፊደል ናት፤ የሺእመቤት። «ቤ» ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ያዙ። ጸሐፊው ሰዓቱን ያያል። እኔ ግን ያን መዘግየት አውቀዋለሁ፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ ጣቴ እንደዚያ ነበር የሚደነዝዘው። ከሁለት የቀበሌው ሰዎች ቀጥዬ፣ ሦስተኛ ምስክር ሆኜ ከሥራቸው ፈረምሁ።

ወደ ግቢው እንደተመለስን አልጋነሽ መሪውን ለእማማ የሺ ሰጠቻቸው። ከጭድ ቤቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ በር፣ ምናልባት ሁለት መቶ እርምጃ፣ ራሳቸው ነዱ። ልጃገረዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገፉ በእልልታ ተከተሏት። «በቃኝ» ብለው ወረዱና ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

ከዚያ ጭነቱ መጣ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ቅል ማር፣ ዶሮዋ ከነእንቁላሏ።

«እማማ፣ መጽሐፉ ሁለት ሰውና ትንሽ ሻንጣ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ እኔን ያውቀኛል? ባዶዋን ልሸኛት? ዶሮዋም ቤቷ ነው፣ የት ትሂድ?»

ጤፉን ተቀብዬ ጫንሁ። አንዱን ብናወርድ ሌላ ሊጨምሩ ነው።

ከስድስት ሰዓት በኋላ

መኪናዋ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ጠጠሩ ብቻ ነው ከጎማው ሥር የሚንኮሻኮሽ። በቅሎ እንኳ አልደነገጠም። ወተት አባይን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አንድ ሽማግሌ በጃንጥላ ተጠልለው በእግራቸው ሲያዘግሙ አየን፤ በትከሻቸው የመጽሐፍ ማኅደር አንግተዋል። የዜማ መምህር ናቸው። ባሕር ዳር ደርሰው በታንኳ ወደ ደሴት ገዳማቸው ሊሻገሩ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። መጽሐፉን በቃሌ የማውቅ እኔ ነኝ፣ «አቁሚ!» ያልሁትም እኔ ነኝ። ማኅደር የተሸከሙ አረጋዊ አቧራ አልብሶ የሚያልፍ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? የኔታ ጤፉና ዶሮዋ መካከል ተቀመጡ።

«ምን ትበላለች?» አሉ።

«ኤሌክትሪክ፣ የኔታ።»

«ይኸ መብራቱ?»

«አዎን።»

«ጉድ ነው። ጧፍ በልቶ የሚሮጥ ፈረስ።»

መራዊ ወፍጮ ቤት ቆመን ገመዱን ሰካን። ለማስፈጨት የመጡ ሴቶች ከበቡን። ወፍጮ ቤት እንደ ገበያ አይደለም፤ ተራ እስኪደርስ መቆየት ነው፣ ጥያቄውም እንደዚያው ዝግ ያለ ነው። ውኃ ትጭናለች? ጭቃ ታልፋለች? የታመመ ልጅ ታስተኛለች? የተፋታች ሴት ብትገዛት የቀድሞ ባሏ በፍርድ ቤት ይካፈላታል? አንዲት ጀርባዋ ላይ ጆንያ እህል አዝላ የመጣች ሴት ምንም አልጠየቀችም። ሸክሟን አውርዳ የመኪናዋን በር ከፈተች፣ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አኖረች፣ ቆየች፣ ወርዳ ሸክሟን አነሣች።

ሁለት ሰዓት ልንሞላ አስበን ነበር። ከአንድ ሰዓት በታች እንደሞላን ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ናፍጣውም በራሽን ነው።

ኬላ

የባሕር ዳር ዛፎች ሲታዩ፣ ከዛፎቹም ወዲያ ጣና እንደ ብርት ሲያበራ፣ መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ቀነሰችና ቆመች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

«ሸክሙ እኔ ነኝ» አሉ የኔታ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። መጽሐፉ ባትሪ ሲደክም ለግማሽ ሰዓት ቢያርፍ ጥቂት ኃይል እንደሚመልስ ይናገራል። ለማረፍ ግን ጨለማውና ሰዓት እላፊው ያሰጋሉ። ስለዚህ እሷ እንድታርፍ እኛ ገፋናት። የኔታ ከኋላ፣ እኔ ከጎን፣ አልጋነሽ በመስኮት መሪውን ይዛ። ዶሮዋ ብቻ ተቀምጣለች።

የኬላው ጠባቂ እጁን አነሣ። «ቤንዚን ጨረሳችሁ?»

«ቤንዚን አትጠጣም» አልሁ።

«ታዲያ ለምን ትገፋላችሁ?» ብሎ ሳቀና፣ «ባለቤቱ የት አለ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች አልጋነሽ።

«ሹፌሩን አይደለም፤ ባለ መኪናውን ነው የምልሽ።»

አልጋነሽ ላቧን ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። «መኪናዋ የኔ ናት» አለችና ውሉን ዘረጋች። ጠባቂው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ጣቱ ስሟ ላይ፣ ከዚያ የእማማ የሺ ስድስት ፊደል ላይ ቆመ። ወደ የኔታ ዞሮ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ምንዎ ናት?» አለ።

«እኔ ጭነት ነኝ» አሉት።

የኬላውን ገመድ አነሣልን።

ሹም አቦ

ነዳጅ ማደያው በር ላይ የመኪኖች ሰልፍ ሩቅ ድረስ ተዘርግቷል። አንዱ ሹፌር ከመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እህቶቼ፣ ተራችሁ ከኋላ ነው!» አለ። አልጋነሽ ገብታ ተቀመጠችና መርገጫውን ቀስ አድርጋ ነካችው። ዕረፍቱ ሠርቶ ነበር። መኪናዋ ያለ ድምፅ፣ በሰው እርምጃ ልክ፣ ሰልፉን በሙሉ አልፋ ሄደች። የሳቀ አልነበረም። የኔታ ወደ ታንኳው ዳር ሊታጠፉ ሲሉ ማሩን ሰጠናቸው።

ወንድሟ በሩ ላይ ይጠብቃል። አየን፣ ደስ አለው፣ ሮጦ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጪኝ፣ ላስገባልሽ። ደክሞሻል።»

«በሩን ክፈትልኝ ወንድም ጋሼ። እኔ አስገባታለሁ።»

ከፈተላት። ቤት ገብቶ ውሉን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ አምፖሉን ነቅሎ ገመዷን የሚሰካበትን ያዘጋጀው እሱ ነው። ያን ምሽት ራት የበላነው በኩራዝ ነው።

ከቤት የወጣሁት ላነብ ነበር። የተመለስሁት መሪውን ለመያዝ እየጓጓሁ ነው። የወፍጮ ቤቷ ሴት በሁለት እጇ የለካችውን እኔም መለካት ፈለግሁ፤ በወሩ በልደታ ጠዋት፣ በጣና ዳር ባለው ደልዳላ መንገድ፣ አልጋነሽ ከጎኔ ተቀምጣ ለካሁት። ያነበብሁትን ሁሉ በእጄ ሳላውቀው እንደቆየሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰሌዳው ብዙ አመላለሰን። ደንቡን ይዤ አብሬያት እየሄድሁ፣ በመጨረሻ በአልጋነሽ ስም ወጣ። ይህን ለእማማ የሺ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ላክሁ። መልሳቸው ከወር በኋላ መጣ፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ፣ ሦስት መስመር፦

«ደስ ብሎኛል። ዱርቤቴ መብራት ሲገባ ሌላ ከተገኘች ያዙልኝ። በስሜ።»