ጊሊያን ሙዚቃ ያስቆመችበት ሐሙስ

ባሕሩ ዳር ያለው ነጩ የመስታወት አዳራሽ ገና ሲሠራ የከተማችን ሰው «ይሄ ፋብሪካ ነው» እያለ አፉን ሞልቶ ሲያማው ነበር። ዛሬ ስለ አዳራሹ ክፉ የተናገረ እንግዳ ካፌው ውስጥ ሻይ ቶሎ አይመጣለትም። ጊሊያን ፔሊንግ ዕድሜዋን ያሳለፈችው እዚያው ነው ማለት ይቻላል። በልጅነቷ ሰገነቱ ላይ አይስክሬም በልታለች፤ ባሏን ሮይን የተዋወቀችው ጠመዝማዛው ደረጃ ላይ ነው፤ ጡረታ የወጣችውም እዚያው የሚታየውን፣ ለማንም የማይገባውን ሥዕል ስትጠብቅ ኖራ ነው። አሁን የቀራት የሐሙስ ከሰዓት የአዛውንቶች ዳንስ ነው።

እዚያ ዳንስ ላይ የመጨረሻው የቫልስ ዳንስ ሳያልቅ ማንም አይወጣም፣ ማንም ማንንም አያስቸግርም። ሰው አለማስቸገር የኛ አገር ሰው ዋነኛ ሃይማኖት ነው። ሮይንም የገደለው ይኸው ነው። አንድ እሑድ እራት ላይ አፉ ወደ አንድ ጎን ወርዶ ምላሱ ሲተሳሰር፣ «ደህና ነኝ፣ በሰንበት ሰው አታስቸግሪ» አላት። እሷም ሐኪም መጥራት አፍራ እስኪነጋ ጠበቀች። እሱ ግን ንጋቱን አላየም።

በዚያ ሐሙስ ነፋሱ መስታወቱን ያንገጫግጨዋል። አብሯት የሚደንሰው ዴዝሞንድ ነው፤ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ቫልሱ ተጋምሶ ሳለ ግራ እጁ ከእጇ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ምነው፣ ደከመህ እንዴ?»

«አንቺ ነሻ፣ እግሬን ረግጠሽ የጨረስሽኝ።»

ቃሉ ይጎተታል። ቀና ብላ አየችው። የአፉ አንድ ጎን ወርዷል።

«ዴዝሞንድ፣ እስቲ ሳቅ በል፣ አፍህን ልየው።»

«ተይኝ ባክሽ። ትንሽ ነው የቀረው፣ እንጨርሰው። ሰው እያየን ነው።»

እውነቱን ነው፣ እያዩ ነበር። አይተው ግን እንዳላዩ ዞር ይላሉ፤ ጨዋነት ነዋ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ጨዋነታችን ነው። ጊሊያንም ፊቷ በእፍረት ጋለ። እሱ እግሩን እየጎተተ አንድ ዙር አብራው ዞረች። ያችን አንድ ዙር እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ከዚያ መሀል አዳራሹ ላይ ቆመችና በሕይወቷ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ ጮኸች። «ሙዚቃውን አቁሙት። አምቡላንስ ጥሩ። አሁኑኑ።»

ፒያኖው ቀጥ አለ። «አዋረድሽኝ» አላት ዴዝሞንድ፤ ወዲያው ጉልበቱ ከዳውና ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሙን ስትጠራ ቆየች።

ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወጥታ፣ «ቶሎ አምጥታችሁታል፣ ይተርፋል» አለቻት። በሮይ ቀብር ላይ አንድ ዘለላ እንባ ያላወጣችው ጊሊያን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንሰቀሰቀች። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። አንዲት ነርስ ጠጋ አለች።

«ደህና ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ጊሊያን። «እስቲ አጠገቤ ተቀመጪልኝ።»