የሐጂ ላምና የእናቴ ምድጃ

እስከ ስምንተኛ ክፍል የጻፍኩት ሁሉ ለመምህር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጉዳይ የጻፍኩት አባዬ ከገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተመልሶ «እስክሪብቶሽን አምጪ» ያለኝ ዕለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባዬ በኦሮምኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ አሳምሬ አወርደዋለሁ። እሱ «ሚስቴን ዓይኗን አሟታል በይ» ሲለኝ፣ እኔ «በማድቤት ጭስ ምክንያት የዓይኗ ብርሃን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ በመሄዱ» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ በኦሮምኛ ስነግረው ሳቀ።

«ዋቆ፣ አምላኬ! ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?»

«ያልከውን ነው አባዬ። ልብስ አለበስኩት እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒክ ያለው ድሬሰር እናቴን «ከጭሱ ካልወጣሽ ዓይንሽ አይተርፍም» ብሏት ነበር። በዚያው ሰሞን ከአምቦ በሞተር ብስክሌት የሚመጣው የልማት ሠራተኛ ስለ ባዮጋዝ አስረዳ። እበት በውኃ ተበጥብጦ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቱቦ ማድቤት ገብቶ ያለ ጭስ ይነዳል። ጉድጓዱን በራሱ ወጪ ላሠራ ሰው ቱቦውና ምድጃው በነፃ ይሰጠዋል፣ የዓመቱ ግብርም ይቀነስለታል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ አራት የራሱ ከብት ያለው መሆን አለበት። እበት ካነሰ ጋዝ የለም።

አባዬ ጊደራችንን ጊንጪ ገበያ ወስዶ ሸጠና ሲሚንቶ ገዛ። «ግብሩ ሲቀነስልን ሌላ እንተካለን» አለ።

«ከብት ስንት ልበል?» አልኩት ማመልከቻው ላይ አጎንብሼ።

«አፉር።»

አራት። ሁለት በሬ፣ አንዲት ቀይ ላም፣ አንዲት ጥቁር ላም።

ጥቁሯ ግን የእኛ አልነበረችም። አምቦ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ነጋዴ በርቢ የሰጡን ናት። ወተቱ ለእኛ፤ ጥጃው አንዴ ለእሳቸው፣ አንዴ ለእኛ። አንደኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት ጀምሮ በረታችን ያደረች ናት። በእኛ ዘንድ ደግሞ የርቢ ከብት የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። በረትህ ያደረ ያንተ ነው። «የእገሌ ናት» ብሎ ማውራት ባለቤቱንም ጠባቂውንም ማሳፈር ነው። በዚያ ላይ ጊዜው ሀብት እየተቆጠረ የሚወረስበት፣ ነጋዴ ሀብቱ እንዲታይበት የማይፈልግበት ነው፤ ሐጂም ላሟን ገጠር ያኖሯት ለዚሁ ነበር። አባዬ ሳያስብበት አራት አለ። እኔም ሳላስብበት «አራት የግል ከብቶች» ብዬ ጻፍኩ። ፈረመበት፤ በአውራ ጣቱ።

ዝርዝሩ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከአባዬ ስም አጠገብ «የግል ከብት፦ አራት» ይላል። የእኔ ቃል ግድግዳ ላይ! ቆሜ አምስት ጊዜ አነበብኩት።

ያነበብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ቅዳሜ ዕለት ሐጂ በበቅሎ መጡ። ሳይወርዱ ነው የጀመሩት።

«ኦቦ፣ ላሜን ገዛሃት ወይስ አስወለድካት? ግድግዳ ላይ ያንተ ሆና አየኋት።»

«ሐጂ፣ ልጅ ናት የጻፈችው።»

«እጇ ይባረክ! በአንድ መስመር ላም አስገኘችልህ።» ወደ እኔ አዩና መልሰው ወደ አባዬ ዞሩ። «ነገ አንድ ነገር ቢመጣ የኔ ናት ብዬ የት ልከራከር? ስከራከር ደግሞ ሱቁም ላሟም አብረው ይቆጠሩብኝ?»

ላሟን ፈትተው ይዘዋት ሄዱ። ላሟ የእሳቸው ናት።

ከብቱን ቆጥሮ ማመልከቻውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጉድጓዱ ተለስኖ አልቋል፣ ጊደሯ ሄዳለች፣ እናቴ ማድቤት ውስጥ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እሳት እፍ ትላለች። እስክሪብቶዬን ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት። «አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለችኝ እናቴ። አባዬ ግን እንዲህ አላለኝም።

በአራተኛው ቀን ብቻዬን የልማት ሠራተኛው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን አከከ። «ሦስት ከሆኑ ይሰረዛል እኅቴ። ባለቤቱ ግን ‹ላሜ በርቢ እዚያው ትኖራለች› ብሎ ከፈረመ ለኮሚቴው አቀርብላችኋለሁ። ቃል አልገባም።»

ያን ማታ ሐጂ የሚፈርሙበትን ሁለተኛውን ወረቀት ጻፍኩ። ግን ማን ወስዶ ለሐጂ ይስጥ?

መንገዱን የከፈተችው ላሟ ራሷ ናት። ሐጂ ግቢ ከገባች ጀምሮ ወተቷን ይዛ አልታለብም ብላለች። «እባክሽ እመቤቴ፣ መጥተሽ እለቢያት» ብለው ወደ እናቴ ላኩ። እጇን ይዤ እየመራሁ አምቦ ድረስ ወሰድኳት። ላሟ የእናቴን ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋን አቆመች። እናቴ ለማለብ ዓይን አያስፈልጋትም፤ ቅሉ ወዲያው ሞላ። ሐጂ ማሰሮ አቀረቡላት። ልትገለብጥ ስትል ከማሰሮው አፍ በአንድ ስንዝር ሳተችና ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። እሷ ማፍሰሷን አላወቀችም፤ ጎንበስ ብላ «ሞላ?» አለች።

ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ ለሐጂ ዘረጋሁላቸው።

«አንብቢው።»

«ጥቁሯ ላም የእኔ ናት፤ በርቢ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እዚያው ትኖራለች።»

«ይኸው ነው? የመጀመሪያው ማመልከቻሽ ረጅም ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ይሄኛውን አላለበስኩትም ሐጂ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። ብቻ የፈሰሰውን ወተትና እናቴን አዩና ፈረሙ። «ሱቄን ሊቆጥሩ ሲመጡ አቤቱታዬን የምትጽፊልኝ አንቺ ነሽ፤ ሰማሽ?» አሉኝ። ሲናገሩ አልሳቁም።

ኮሚቴው ቱቦውንና ምድጃውን ፈቀደ። የግብር ቅናሹን ግን «የግል ከብታቸው ሦስት ስለሆነ» ብሎ ሰረዘው፤ ጊደሯም እስከ ዛሬ አልተተካችም። ሐጂም የላሟ ባለቤት ተብለው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ አባዬን ገበያ ላይ ሲያገኙት ለሰላምታ ያህል «አከም?» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ።

ምድጃው በተገጠመ ዕለት የልማት ሠራተኛው ቱቦውን ከፍቶ እኔ ክብሪት ጫርኩ። ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለ፤ ትንሽ፣ ጸጥ ያለ። እናቴ ብርሃኑን በጭላንጭል አየችው መሰለኝ፣ «ምነው እንዲህ ደከመ?» አለችና ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት። ጠፋ።

የልማት ሠራተኛው ዘሎ ቱቦውን ዘጋ። አባዬ ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እናቴ ግን ደንግጣ «አበላሸሁት? አበላሸሁት ልጄ?» እያለች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«አላበላሸሽም» አልኳት። እጇን ይዤ ከምድጃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አራቅኋትና ሁለተኛውን ክብሪት ጫርኩ።